ሞተሩ ታድሷል፣ ዘይቱ ግን ገና አልደረሰም

ሞተሩ ወርዷል። ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ቶርኖ ቤት ደርሶ መጥቷል። አዲስ ፒስተንና ብሮንዚና (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ስስ የብረት ሽፋን) ገብቶለታል። ባለቤቱ ዝናቡ ሳይቀድመው ማሳው ላይ መድረስ ስለሚፈልግ አጠገባችሁ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ብዙ ሞተር የሚበላሸው እዚህች ሰዓት ላይ ነው።

የታደሰ ሞተር ከመነሳቱ በፊትና እንደተነሳ የምንሠራቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ። የምናገረው በዋናነት ማሴ ፈርጉሰን 290 እና 375 ትራክተሮች ላይ ስለምናገኛቸው ባለ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍጣ ሞተሮች ነው። ለሌላውም ብዙው ይሠራል።

"ዘይት ሞልቻለሁ" ብሎ ቁልፍ ማዞር

ዲፕስቲኩ (የዘይት መለኪያ ዘንጉ) የሚያሳያችሁ ኮፓው ውስጥ፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ገንዳ ውስጥ፣ የተኛውን ዘይት ነው። ብሮንዚናው ጋ ለመድረስ ፓምፑ መሳብ አለበት፣ ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) መሙላት አለበት፣ ብሎኩ ውስጥ ያሉት ቦዮችም መሙላት አለባቸው። አዲስ በተገጠመ ሞተር ይሄ መንገድ በሙሉ አየር ነው። ስትገጥሙ በጣት የቀባችሁት ዘይት ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ያግዛል። ከዚያ በኋላ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ፓምፑን ደረቅ መግጠም

ደረቅ ፓምፕ አየር ያማስላል፣ ዘይት አይስብም። ከመግጠማችሁ በፊት ዘይት ጨምሩበትና በእጅ አዙሩት። አንዳንዱ ግሪስ ይጠቀጥቅበታል፤ የጎማ ኩሽኔታ ግሪስ ቶሎ ስለማይሟሟ ሄዶ ፊልትሮ ላይ ይለጠፋል። ንጹሕ ቫዝሊን ግን ሲሞቅ ስለሚቀልጥ ችግር የለውም።

ፊልትሮውን ባዶውን ማሰር

ቀጥ ብሎ የሚታሰር ከሆነ ዘይት ሙሉበት። ወረቀቱ ይጠጣል፣ ቆይታችሁ ጨምሩ።

ድሪል ፍለጋ

ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ይኖራል፤ ሰውየው በዲስትሪቢዩተሩ (የቤንዚን ሞተር እሳት አከፋፋይ) ቀዳዳ በኩል ዘንግ አስገብቶ ፓምፑን በድሪል ያዞራል። ያ የሚሆነው ፓምፑ በዚያ በኩል ለሚነዳ የቤንዚን ሞተር ነው። እኛ በያዝነው ፐርኪንስ ላይ ፓምፑ ከፊት ኮፓው ውስጥ ተቀምጦ በጥርስ ይነዳል። ከውጭ የሚያዝ ነገር የለውም።

እኔ የማምነው በግፊት ማስገባትን ነው። የዘይት ግፊት ሴንሰሩን ከብሎኩ ፍቱና በቦታው ቱቦ እሰሩ። ንጹሕ፣ ግፊት የሚችል ዕቃ ውስጥ የሞተሩን ዘይት ጨምራችሁ በኮምፕሬሰር ከ2 እስከ 3 ባር ግፉት። ዘይቱ ሳያልቅ ዝጉት፣ አለዚያ የሞላችሁትን ቦይ መልሳችሁ አየር ታስገቡበታላችሁ። እየገፋችሁ ሌላ ሰው ክራንኩን ቀስ ብሎ በእጅ ያዙር። ይቺን ብዙዎች ይዘሏታል። ወደ ላይ ወደ ሮከሩ (ቫልቮቹን ወደሚጫነው ክንድ) የሚሄደው ዘይት በካምሻፍቱ (ቫልቮቹን በሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ቀዳዳ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ቀዳዳው ፊት ለፊት ካልገጠመ ቀኑን ሙሉ ብትገፉ ሮከሩ ደረቅ ነው። የቫልቭ ክዳኑን ክፈቱና ዘይት ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ። በመጨረሻም የዘይት መጠኑን እንደገና ለኩ፣ የገባው ሁሉ ወደ ኮፓው ይወርዳል።

ይሄ ዕቃ ከሌለስ? ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻው) አለ። ግን ኢንጀክተሮቹን አውጡ። እነሱ እንዳሉ ስታዞሩ ፒስተኑ አየር እየጨመቀ ደረቁን ብሮንዚና ይጫነዋል። ማጥፊያውን ጎትታችሁ ያዙ፣ ናፍጣ እንዳይረጭ። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አዙራችሁ ሞተሪኖውን አሳርፉ፣ ከዚያ ድገሙ።

መብራቱን ማመን

እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። አስነሳሁ፣ ቀዩ መብራት የለም፣ ደስ አለኝ። ረዳቴ "ጋሼ፣ ድምፁ ደስ አይልም" አለኝ። "አዲስ ሞተር እንዲህ ነው" ብዬ አለፍኩት። ለካ የሴንሰሩ ሽቦ አልተሰካም፤ መብራቱ ድሮም ሊበራ አይችልም ነበር። ኮፓውን ስንከፍት ሁለት የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚና ተፍቋል። ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት። ባለቤቱን ይቅርታ መጠየቅ ግን ከዚያ በጣም ይከብድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባለ መርፌ ጌጅ በቱቦ ሳላስር ቁልፍ አላዞርም። በሞተሪኖ ብቻ እያዞራችሁ መርፌው ከተነሳ ጥሩ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ 10 ሰከንድ ውስጥ ግፊት ካላያችሁ አጥፉ። እነዚህ ፐርኪንሶች ሞቀው በሙሉ ፍጥነት ሲሠሩ ቢያንስ 30 ፒኤስአይ፣ ወደ 2 ባር ማለት ነው፣ ማሳየት አለባቸው። ቀዝቃዛ ሞተር ከዚህ ብዙ ከፍ ይላል፤ ያ አያኩራራችሁ፣ ሲሞቅ ጠብቁት።

ሞልቶ መተው

ዘይቱ ገብቷል፣ አንድ ዕቃ ጎደለ፣ ዕቃው ሲመጣ ሁለት ወር አለፈ። ይሄ እኛ አገር በየቀኑ ነው። ዘይቱ በዚያ ጊዜ ወደ ኮፓው ተመልሷል። ሥራውን እንደገና ጀምሩ።

በዝግታ ሲያጓራ ማዋል

"ይለማመድ" ተብሎ ሞተሩ ግማሽ ቀን በሚኒሞ (በዝቅተኛው ፍጥነት) ቆሞ ይሠራል። አዲስ የፒስተን ቀለበት ያለ ጭነት በደንብ አይቀመጥም፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስታወት ይለሰልስና ዘይት መብላት ይጀምራል። ግፊቱን ካያችሁ፣ የሚያንጠባጥብም ከሌለ፣ ሞቅ ሲል ባዶ ተጎታች አስራችሁ መንገድ ላይ አውጡት። ማረሻውን ነገ።