በጅማ ዙሪያ ኮረብታ ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጅማ መሀል ከተማ ቆሞ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው ኮረብታው ሁሉ ቅርብ ይመስላል። ስህተቱም ከዚሁ ይጀምራል። ከተማዋ ያለችው 1,750 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት የጅሬን ኮረብታ ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ የበለጤ ገራ ደን ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው የማይጉዶ ተራራ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ዝግጅት ነው። ሦስቱንም በአንድ ጫማ፣ በአንድ ሃይላንድ ውኃና በአንድ ግምት እወጣለሁ ያለ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

መንገዱን በኪሎ ሜትር ብቻ መገመት

«ጅሬን ሰባት ኪሎ ሜትር ምን አላት?» ይባላል። በሜዳ ቢሆን እውነት ነው። ዳገት ሲኖር ግን ሂሳቡ ሌላ ነው፦ ለ1 ኪሎ ሜትር 12 ደቂቃ ይያዙ፤ በላዩ ላይ ወደ ላይ ለሚወጡት ለየ100 ሜትሩ 10 ደቂቃ ይጨምሩ። 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 500 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ በዚህ ስሌት 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይወስዳል። ይህ መሬቱ ደረቅ ሆኖ፣ እረፍት ሳይቆጠር ነው። ጭቃ ካለ ግማሹን ይጨምሩበት፤ 4 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ቁልቁለቱ ያካክሰዋል ብሎ መቀነስ አያዋጣም፤ በረጠበ አፈር ላይ መውረድ ከመውጣት የሚዘገይበት ጊዜ ብዙ ነው።

የአካባቢውን ሰው ርቀት ሲጠይቁ «ቅርብ ነው» የሚል መልስ ያገኛሉ። አልዋሸም፤ እሱ ያንን ዳገት ሸክም ይዞ በየሳምንቱ ይመላለስበታል። «ጠዋት 1 ሰዓት ከዚህ የተነሳ ሰው ስንት ሰዓት ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁና በመልሱ ላይ ግማሹን ይጨምሩ።

ረፍዶ መነሳት

ጅማ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ አያጣትም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ይበረታል። ዝናቡ የሚወደው ከሰዓት በኋላን ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መነሳት፣ ጫፍ ላይ ከ5 ሰዓት በፊት መድረስ፣ 7 ሰዓት ላይ ቁልቁለቱን መጨረስ ጥሩ መርሐ ግብር ነው። በክረምት ጠዋት ጉሙ ሸለቆው ላይ ይተኛል፤ እስኪገፈፍ ግን በመንገድ ላይ ስለሚሆኑ የሚያጡት ነገር የለም።

ጅሬንን በተለይ ጠዋት ይምረጡት። ኮረብታው ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባዎ ሆና ከተማዋን ታበራልዎታለች። አመሻሽ ላይ ግን ፊት ለፊት ዓይንዎ ውስጥ ትገባለች፤ ፎቶውም ጭጋግ ብቻ ይሆናል።

ነጎድጓድ ከተሰማ ዕይታውን ይተዉት። ከመብረቁ እስከ ድምፁ ያለው ጊዜ ከ30 ሰከንድ ካነሰ ከጫፉና ከሸንተረሩ ወዲያው ይውረዱ። ሜዳ ላይ ለብቻው የቆመ ዋርካ ወይም ዋንዛ ሥር መጠለል ደግሞ ከዝናቡ የባሰ ነው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ላይ አይመለሱ።

ቀዩን አፈር መናቅ

የጅማ ቀይ አፈር ሲደርቅ እንደ አስፋልት ይረገጣል፤ አንድ ዶፍ ከወረደበት በኋላ ግን ሳሙና ነው። ሸክላ ስለሚበዛው ውኃው ቶሎ አይሰርግም፤ ላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ይላቆጥና ከሥሩ ያለው ጠንካራ እንደሆነ ይቀራል። የሚያንሸራትተውም ይኸው በጠንካራው ላይ የተቀባው ስስ ጭቃ ነው።

የከተማ ስኒከር እዚህ ላይ አይሠራም። የሶሉ ጥርስ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅና ተራርቆ የተሠራ ጫማ ይምረጡ፤ ጥርሱ ከተቀራረበ ጭቃው መሀሉ ይሞላና በሃያ እርምጃ ውስጥ ሶሉ ልሙጥ ይሆናል። በየመንደሩ የሚለበሰው የፕላስቲክ ቦቲ ለጭቃው ፍቱን ነው፤ ለረጅም መንገድ ግን ተረከዝ ይልጣል፤ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ካልተደረገበት ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ አይመከርም።

አወራረዱ ከጫማውም ይበልጣል። ብዙ ሰው ፈርቶ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ያኔ ክብደቱ ከእግሩ ላይ ይነሳና ተረከዙ ቀድሞ ይሄዳል፣ መቀመጫው ይከተላል። ጉልበትዎን በጥቂቱ አጠፍ አድርገው፣ ክብደትዎን ልክ ከእግርዎ በላይ ጠብቀው፣ አጭር አጭር ይርገጡ። በጣም ቀጥ ባለበት እግርዎን ወደ ጎን አዙረው በጫማው ጠርዝ ይውረዱ። ከተላቆጠው መሀል መንገድ ይልቅ ሣር ያለበትን ዳር ይምረጡ። ትከሻ ላይ የሚደርስ ጠንካራ ዱላም ከውድ ምርኩዝ አያንስም። ከመውረድዎ በፊት የጫማውን ማሰሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቀው ይሰሩት፤ አለዚያ ጣትዎ ጫማውን ሲመታ ይውልና ማታ ጥፍርዎ ይጠቁራል።

ሚዛን ለመጠበቅ ያገኙትን ቅጠል መጨበጥም ሌላ መዘዝ አለው። በጫካ ዳር ሳማ ሞልቷል። ከመጨበጥዎ በፊት ይዩ፣ አለዚያ ስስ ጓንት ይያዙ።

በጣት እያሳዩ «ይሄ ወደዚያ ይወስዳል?» ማለት

ለእንግዳ «አይ» ማለት ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ ስለሆነ መልሱ «አዎ» ነው። «ወደ እገሌ ቀበሌ መንገዱ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁና እሱ በእጁ ያሳይዎት። ከከተማ ወጣ ሲሉ ኦሮምኛው ያስፈልጋል፦ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ፣ «ከራን ኩን ኤሳ ጌሳ?» ብሎ ይሄ መንገድ የት ያደርሳል፣ «ምርጋ» ቀኝ፣ «ቢታ» ግራ፣ «ገለቶማ» ምስጋና። ሰላምታው ሳይቀድም ጥያቄ መጀመር መልሱን ያሳጥረዋል።

ካርታውን ከከተማ ሳይወጡ ስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ግን ካርታው የማያውቃቸው የከብት መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ለበለጤ ገራ ያለ መሪ አይግቡ። በዚያ ባሉ ቀበሌዎች ዋቡብ የሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት አሉ፤ ፈቃድም መሪም ከቀበሌው በኩል መጠየቅ ይቀላል። መታወቂያ አይርሱ።

በቡና ማሳ ማቋረጥ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም በየማሳው ጠባቂ አለ። ቦርሳ አዝሎ ከዛፍ ዛፍ የሚሄድ እንግዳ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም። ጫካ የሚመስለው ሁሉ ባለቤት አለው፤ ጥላ ዛፍ ሥር ቡና ከታየ ማሳ ነው። ቀይ ፍሬ አይቅጠፉ፣ አጥር አይዝለሉ፣ መሬት ወይም አልጋ ላይ የተሰጣ ቡናም ዙሩት እንጂ አይሻገሩት።

ውኃና እንስሳ

በሰዓት ግማሽ ሊትር ውኃ ይያዙ፤ ለ5 ሰዓት መንገድ ሁለት ሊትር ተኩል ማለት ነው። የምንጭ ውኃ ያፍሉት ወይም በውኃ አጋር ያክሙት። ዝግ ብሎ በሚሄድ ወንዝ ውስጥ በባዶ እግር መቆምም ሆነ መዋኘት ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል። ከጉልበት በላይ የሞላና የደፈረሰ ወንዝ አይሻገሩ፤ ዝናቡ ላይኛው አገር ላይ ስለሚጥል ባሉበት ፀሐይ እያለ ይሞላል።

ከጅማ ዳር ያለው ቦዬ ረግረግ ቀላልና ሜዳ ነው፤ ግን ጉማሬ አለበት። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ በእሱና በውኃው መሀል መቆም ለሕይወት ያሰጋል። ከ11 ሰዓት በፊት ይውጡ። ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ ካዩ ሽቶ ተቀብተው ሥሩ አይረፉ፤ ንቡ ከተነሳ ሳይወራጩ ፊትዎን ሸፍነው ይሽሹ። ከዝናብ በኋላ ጉንዳን መንገድ ያቋርጣል፤ ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ።

ለማይጉዶ የጅሬንን ልብስ መልበስ

በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ጅማ 24 ዲግሪ ሲሆን ጫፉ ላይ 15 ገደማ ይሆናል፤ ንፋስና ላብ የጠጣ የጥጥ ካናቴራ ሲጨመሩበት ሰውነት ይንቀጠቀጣል። ቶሎ የሚደርቅ ካናቴራ፣ የሱፍ ሹራብና ውኃ የማያስገባ ጃኬት በፕላስቲክ ተጠቅልለው ቦርሳ ውስጥ ይግቡ። በሶ፣ ጭኮና ኮሎ ከብስኩት ይሻላሉ።

መመለሻውን አለማሰብ

ጀንበር እንደ ወሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ እስከ 1 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ጫካ ውስጥ ግን ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይጨልማል። ከሰቃና ከደዶ አቅጣጫ የሚመለስ ሚኒባስ የሚሞላው በገበያ ቀን እንጂ በቱሪስት አይደለም። ሲወርዱ ለረዳቱ «የመጨረሻዋ ስንት ሰዓት ታልፋለች?» ብለው ይጠይቁ፤ ከነገረዎት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድመው አስፋልቱ ላይ ይገኙ። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ስለሆነ ጠዋት ወደ ጅማ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ወደ ገጠር የሚሄደው መኪና ይጨናነቃል፤ እርስዎ የሚሄዱት በተቃራኒው ስለሆነ ቦታ ማግኘት አያስቸግርም። ለጅሬን ግን ባጃጁን በመሄጃው ብቻ ይያዙና ቁልቁለቱን በእግር ይውረዱ።