ማኑስክሪፕቱ ገምጋሚ ሳያየው ሲመለስ፦ ችግሩና መፍትሄው

ጽሑፉን ላካችሁ። በሦስተኛው ቀን ከጆርናሉ ኢሜይል ገባ፦ «በመመሪያችን መሠረት አልተዘጋጀም፤ አስተካክላችሁ መልሳችሁ ላኩ።» ገምጋሚ ገና አላየውም። ኤዲተሩም ጋ አልደረሰም። የመለሰው ፎርማት የሚፈትሸው ክፍል ነው።

የጆርናሉን መመሪያ አንብባችኋል፣ የአብስትራክቱን የቃላት ገደብ ጠብቃችኋል፣ የመስመርና የገጽ ቁጥር አስገብታችኋል ብዬ እነሳለሁ። የምጽፈው ይህ ሁሉ ተሟልቶም ስለሚመለሰው ነው። የባልደረቦቼንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንዱን ችግር መላልሼ አይቼዋለሁ። ከእሱ እጀምራለሁ።

የሪፈረንሱ ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር አይገጥምም

ምልክቱ ብዙ መልክ አለው። ጽሑፉ ላይ 17 የሚለው ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ሌላ ጥናት ሆኖ ይገኛል። አንድ ምንጭ በ9ኛም በ31ኛም ተራ ተዘርዝሯል። ወይም አዲስ አንቀጽ ጨምራችሁ «ሪፍሬሽ» ስትሉ ዝርዝሩ ንቅንቅ አይልም።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሳይቴሽኑ (ጽሑፉ ውስጥ ምንጩን የሚጠቁመው ቁጥር) ሞቷል። ምንጮችን የሚያደራጁት ሶፍትዌሮች፣ ዞቴሮ፣ ሜንደሌይ ወይም ኢንድኖት፣ ዎርድ ውስጥ የሚያስገቡት ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለም። ከምንጩ መረጃ ጋር የሚያገናኘው ፊልድ የሚባል ስውር ኮድ ከኋላው አለ። ፊልዱ ሲጠፋ ቁጥሩ ብቻውን ይቀራል። በዓይን ሲታይ ምንም አልተለወጠም፤ ክፋቱም ይሄ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ስልክ ላይ ነው። ፋይሉ በቴሌግራም ይላካል። አንዱ ጸሐፊ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ይከፍተዋል፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይነካካል፣ ሴቭ አድርጎ «አይቼዋለሁ» ብሎ ይመልሳል። የከፈተበት አፕ ፊልዱን የማያውቅ ከሆነ አለቀ። ጉግል ዶክስ ላይ ተጭኖ እንደገና ወደ ዎርድ የወረደ ፋይልም ያው ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ፒዲኤፍ ተደርጎ ወደ ዎርድ የተመለሰው ነው። አንዲት ተማሪ ቴሲሷን «ፎርማት እናስተካክላለን» ላላት ጽሕፈት ቤት ሰጠች። እነሱ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ፊልዱም፣ የርዕስ ስታይሉም፣ ሠንጠረዡም ፈራርሶ ተመለሰ። ገንዘቧንም ተቀብለዋል። ሳይቴሽን ያለበት ፋይል ለጽሕፈት ቤት አይሰጥም!

ሌላ ጊዜ አምስት ሰዎች የጻፉት የጤና ጥናት መጣልኝ። አንዱ በሜንደሌይ፣ ሌላው በዞቴሮ፣ ሦስተኛው በእጁ ነው የሠሩት። ግማሹ ሳይቴሽን ሕያው፣ ግማሹ ሙት ነበር። ሕያዎቹ ከ1 ጀምረው እንደ አዲስ ሲቆጠሩ ሙቶቹ የድሮ ቁጥራቸውን ይዘው ቀሩ። ስለ ወባ መድኃኒት የሚናገር ዐረፍተ ነገር ስለ ጡት ማጥባት የተሠራ ጥናት ላይ ጠቆመ። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። አንባቢን ወደ ሐሰት ማስረጃ መላክ ነው።

ለማረጋገጥ ቁጥሩ ላይ ክሊክ አድርጉ። ሙሉው ቁጥር ግራጫ ከለበሰ በሕይወት አለ። ሁሉንም በአንዴ ለማየት አልት እና ኤፍ 9ን አንድ ላይ ተጫኑ። የዞቴሮና የኢንድኖት ሕያዎች ወደ ረጅም ኮድ ይቀየራሉ፤ ሙቶቹ ቁጥር እንደሆኑ ይቀራሉ። አዲሱ ሜንደሌይ ግን በዚህ አይፈተሽም። ደግማችሁ ስትጫኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የሞተውን የሚያስነሳ ቁልፍ የለም። ከመሞቱ በፊት የነበረውን ፋይል ከኢሜይል ወይም ከቴሌግራም ፈልጋችሁ አውጡ። ዎርድ ውስጥ «ሪቪው» ስር ያለው «ኮምፔር» ሁለቱን አነጻጽሮ ልዩነቱን ያሳያችኋል። ለውጡን ወደ ሕያው ፋይል አስገቡ እንጂ ሙቱን ፋይል አትጠግኑ። ሕያው ፋይል ጭራሽ ከሌለ እያንዳንዱን ቁጥር ሰርዛችሁ ከዞቴሮ እንደገና ማስገባት ነው። አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም።

እንዳይደገም ዋናውን ፋይል አንድ ሰው ይያዘው። ሌሎቹ አስተያየታቸውን ጽፈው ይላኩለት። ሁሉም አንድ ሶፍትዌር ይጠቀሙ። ክራክ የተደረገ ኢንድኖት በፍላሽ እየተቀባበላችሁ ለምን ትሰቃያላችሁ? አፕዴት አያገኝም፣ ከፍላሹ ጋር ቫይረስ ይገባል፣ ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ከዎርድ ጋር አልገናኝ ይላል። ዞቴሮ ነፃ ነው፤ ለቡድን የጋራ ላይብረሪም አለው። ጆርናሉ ፊልድ የሌለው ፋይል ከጠየቀ ደግሞ ዞቴሮ ላይ ፊልዱን አጥፍቶ ቁጥሩን ብቻ የሚያስቀር «አንሊንክ» አለ። ኮፒው ላይ ብቻ አድርጉት። ኮፒው ላይ!

ሪፈረንሱ ተፈልጎ አልተገኘም

ወይ ቻትጂፒቲ ፈጥሮታል፣ ወይ ከሌላ ሰው ዝርዝር ሳይነበብ ተገልብጧል። ዲኦአይ ቁጥሩን (ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጠውን ቋሚ መለያ) ዲኦአይ ዶት ኦርግ ላይ አስገቡ። የሚከፈተው ሌላ ጽሑፍ ከሆነ ወይም ምንም ካልተከፈተ አውጡት። ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ።

አንድ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ሁለት ሰው ሆነ

በዝርዝሩ አንድ ቦታ «ከበደ አ.»፣ ሌላ ቦታ «አበበ ከ.» ይላል። ሰውየው አንድ ነው፤ አበበ ከበደ። ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። እኛ ጋ ደግሞ ሁለተኛው የአባት ስም ነው። በእጅ የገባውና ከኢንተርኔት የወረደው ሲቀላቀሉ ዝርዝሩ ይዘበራረቃል። የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናሎች ብዙ ጊዜ በራስ ስም ሙሉውን ይጽፋሉ፤ የጤናና የሳይንስ ጆርናሎች በአባት ስም ይሄዳሉ። መመሪያውን እዩና አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙ። ዞቴሮ ላይ ከስሙ አጠገብ ያለችው ትንሽ ምልክት ሁለቱን ሳጥን አንድ ታደርጋለች፤ ያኔ ስሙ አይገለበጥም። ለራሳችሁ ስም አንድ የላቲን አጻጻፍ ወስኑና ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጡ። ነፃ ነው።

አማርኛው ትርጉም አልባ ምልክት ሆነ

የቋንቋና የታሪክ ጽሑፎች ላይ ይበዛል። በድሮ ፎንት የተተየበው ጽሑፍ ከኋላው የላቲን ፊደል ኮድ ነው ያለው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ዝብርቅርቁን ያወጣዋል። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም በአሮጌው መጻፍ ሰበብ የለውም። መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። ካልተነበበ ዩኒኮድ አይደለም። በመቀየሪያ ቀይሩት ወይም እንደገና ተይቡት፤ ከዚያ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ሲል ፎንት ስጡት። ከመቀየሪያ የወጣውን ቃል በቃል አንብቡ፤ ፊደል ሊሳሳት ይችላል።

ዓመተ ምሕረቱ ተደባለቀ

በ2015 ዓ.ም. የተሰበሰበ መረጃ ሳይቀየር ከገባ ፈታሹ ከ2023 ሪፈረንስ ጋር አስተያይቶ ግራ ይጋባል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ደምሩ። ወሩን ሳታውቁ ዝም ብላችሁ 8 አትደምሩ።

ቀሪዎቹ

ሥዕሉ ከደበዘዘ ዎርድ ጨምቆታል፤ ከኤስፒኤስኤስ ወይም ከአር በቀጥታ አውጥታችሁ ለብቻው ላኩ። ብዙዎቹ ጆርናሎች 300 ዲፒአይ (የሥዕል ጥራት መለኪያ) ይጠይቃሉ። ስም ሳይታይ የሚገመገም ከሆነ ከፋይሉ ፕሮፐርቲስ ውስጥም ስማችሁን አጥፉ። ጽሑፋችሁ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ያለው ተመሳሳይነት ከፍ ያለው ቴሲሳችሁ ኢንተርኔት ላይ ስላለ ከሆነ፣ ለኤዲተሩ በሚላከው ደብዳቤ ላይ አስቀድማችሁ ግለጹት።

ሁሉንም ከጫናችሁ በኋላ ሲስተሙ ራሱ ፒዲኤፍ ይሠራል። «አፕሩቭ» ከማለታችሁ በፊት ያንን ፒዲኤፍ በኮምፒውተር ክፈቱና ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሪፈረንስ ድረስ እዩት። ሠንጠረዥ የሚቆረጠውና የአማርኛ ፊደል ሳጥን የሚሆነው እዚያ ላይ ነው።