የሚወዱትን ሥራ ሱቅ ያደረጉ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ሹራብ መሥራት የምትወደዋ የክር ሱቅ ትከፍታለች፤ ዓሣ ማጥመድ የሚወደው የመንጠቆ፣ ሥዕል የሚወደው የቀለምና የብሩሽ። ለእንዲህ ዓይነት ሱቆች ሂሳብ ስሠራ ከሁሉም ጋር የሚያጨቃጭቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ቅናሽ።

ደንበኛው ሁሉ ጓደኛ ነዋ! «ለእኛማ 20 በመቶ ቀንሽልን» ሲባል እምቢ የሚል አንጀት የለም። እስቲ በወረቀት እንየው። በ100 የተገዛ የክር ልቃቂት በ140 ይሸጣል። ባለሱቋ «40 በመቶ አተርፋለሁ» ትላለች። አታተርፊም። 40 ለ140 ሲካፈል 29 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ኪራዩም መብራቱም የሚከፈለው ከዚያ ላይ ነው። 20 በመቶ ስትቀንስ መሸጫው 112 ይሆናል፣ በእጇ የሚቀረው 12 ብቻ። ከዋጋው የወረደው 20 በመቶ፣ ከትርፉ የሄደው ግን 70 በመቶ! ያንኑ 40 መልሳ ለማግኘት በአንድ ልቃቂት ፈንታ ከ3 በላይ መሸጥ አለባት፤ ሹራብ የሚሠራ ሰው ደግሞ ክር ስለረከሰለት እጁ አይፈጥንም። ደግ መሆን ካማራችሁ ኪሮሽ አውሱ፣ ወንበር ስጡ፣ የተበላሸውን ሥራ ፈትታችሁ አሳዩ። ዋጋውን አትንኩ።

ሌላው ለራስ ዓይን መግዛት ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ በእጅ የተነከረ የሚያምር ክር አየሁ፤ ቀለሙ ብዙ፣ ከእያንዳንዱ ግን ሁለት ሁለት ልቃቂት። የአዋቂ ሹራብ በሁለት ልቃቂት አያልቅም። በኋላ ቢታዘዝም በሌላ ጊዜ የተነከረው ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ደንበኛው ሁሉ እየዳሰሰ አደነቀ፣ መርፌ ገዝቶ ወጣ። ጥቂት ቀለም ይኑር፣ ከእያንዳንዱ ግን በርከት ይበል። ዕቃው የገባበትን ቀን ከጀርባው ጻፉበት፤ ዓመት የደፈነውን በመግዣውም ቢሆን አውጡት፣ ገንዘባችሁ እዚያ ላይ ተኝቷል።

ጀማሪን አትናቁ። አዋቂው መሣሪያውን አሟልቷል፤ ሁሉ ነገር የሚጎድለው ጀማሪው ነው።

ግርግርን እንደ ዘላቂ ገበያ አትቁጠሩ። እንደ ፈረንጆቹ በ2020 በኮሮና ምክንያት ሰው ቤት ሲዘጋበት የእጅ ሥራና ሙዚቃ ገበያው ደራ፤ ጊታር አምራቹ ፌንደር እስከዚያ ዓመት አይቶት የማያውቀውን ሽያጭ አስመዘገበ። እንዲህ ይቀጥላል ብሎ ያዘዘ፣ በሩ ሲከፈት ካርቶን ታቅፎ ቀረ። በ1943 የተመሠረተው የአሜሪካው የጨርቅና የእጅ ሥራ ዕቃ ሻጭ ጆአን በዚያ ወቅት ሽያጩ ጨምሮ ነበር፤ በ2025 ወደ 800 የሚጠጉ መደብሮቹን ዘጋ። ዕዳም ነበረበት፣ ግርግሩ ግን አላዳነውም።

የራስን ደመወዝ አለመጻፍስ? «ዘንድሮ አተረፍኩ» የሚለኝን ሁሉ፣ በእሱ ቦታ ሰው ቢቀጥር የሚከፍለውን በወጪ በኩል አስጽፈዋለሁ። ብዙ ጊዜ ትርፍ የተባለው እዚያው ያልቃል።