የድሮ የብሪታንያ ሬዲዮ ኮሜዲ፦ ከየት ተጀምሮ እንዴት ይደመጣል?

ብዙ ሰው «ጉን ሾው» የሚባለው የብሪታንያ ሬዲዮ ኮሜዲ ዝነኛ ነው ሲባል ሰምቶ በእሱ ይጀምርና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያጠፋዋል። ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። «ጉን ሾው» መጨረሻ ላይ የሚደመጥ እንጂ መግቢያ የሚሆን ዝግጅት አይደለም።

ከሁሉም በፊት የምታዳምጡበትን መተግበሪያ አስተካክሉ። ፍጥነቱ 1 ላይ ይሁን፤ ዝምታን እየቆረጠ የሚያሳልፈውን ማስተካከያ አጥፉት። ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም፦ ለፖድካስት ብላችሁ ከፍታችሁት ረስታችሁት ከሆነ ግማሹን ቀልድ በልቶባችኋል። ቀረጻዎቹ አብዛኞቹ በአንድ የድምፅ መስመር የተቀረጹ ስለሆኑ በአንድ ጆሮ ብቻ ብታዳምጡም የሚቀርባችሁ የለም። ጫጫታ ያለበት ቦታ ግን አይሆንም፤ ለራስ የሚነገሩ የጉርምርምታ ቃላት ይጠፋሉ።

መግቢያው «ሃንኮክስ ሃፍ አወር» ይሁን። ከ1954 እስከ 1959 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቢቢሲ ሬዲዮ የተላለፈ፣ ሬይ ጋልተንና አለን ሲምፕሰን የጻፉት ነው። ቋንቋው የቤት ቋንቋ ነው፤ ራሱን ከፍ አድርጎ የሚያይ፣ ኑሮው ግን ዝቅ ያለ ሃንኮክ የሚባል ሰው በየሳምንቱ ይዋረዳል። ከሁሉ አስቀድማችሁ የ1958ቱን «ሰንደይ አፍተርኑን አት ሆም» ክፈቱ። ታሪክ አለው ለማለት ይከብዳል፦ እሑድ ነው፣ ዝናብ ነው፣ የሚሠራ ነገር የለም። ሃንኮክ ያዛጋል፣ ይተነፍሳል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይተነፍሳል። ከዚያ የግድግዳውን ወረቀት አፍጥጦ ሲያይ በሥዕሉ ውስጥ ፊት ይታየዋል፤ ያንን ፊት ለሌሎቹ ለማሳየት ይለፋል። ግድግዳውን የሚሥለው ሰሚው ስለሆነ ቴሌቪዥን ላይ ቢቀርብ ይህን ያህል አይሠራም። ዝምታ የሚቆርጠውን ማስተካከያ አጥፉ ያልነውም ለዚሁ ነው።

አንድን ዝግጅት ስትይዙ ቢያንስ ሦስት ክፍል ተከታትላችሁ ስሙ፤ በቀን አንድ ይበቃል። በየሳምንቱ የሚደገሙት አባባሎች በመጀመሪያው ክፍል ትርጉም የላቸውም፣ በሁለተኛው ይታወቃሉ፣ በሦስተኛው ገና ሳይነገሩ ያስቃሉ። በአንድ ማታ አምስት ክፍል የሚሰማ ሰው ግን ይሰለቻል፤ እነዚህ የተጻፉት ሳምንት ለሚጠብቅ ጆሮ ነው።

ቀጥሎ «ራውንድ ዘ ሆርን» (1965–1968)። መሐል ላይ ኬኔት ሆርን በረጋ፣ በጨዋ ድምፅ ያነባል፤ ዙሪያውን ያሉት ያብዳሉ። እዚህ ሰምና ወርቁን ካልለያችሁ የምትሰሙት ሰሙን ብቻ ነው። በተለይ ጁልያንና ሳንዲ ሲመጡ (ሂው ፓዲክና ኬኔት ዊልያምስ ናቸው) ፖላሪ የሚባለውን የቲያትር ሰዎች፣ የመርከበኞችና የግብረ ሰዶማውያን የምስጢር ቋንቋ ይናገራሉ። አምስት ቃል ይበቃችኋል፦ «ቦና» ጥሩ፣ «ቫዳ» ተመልከት፣ «ኦሚ» ወንድ፣ «ፓሎን» ሴት፣ «ላሊስ» እግሮች። ዝግጅቱ ሲጀምር በወንዶች መካከል የሚደረግ ግብረ ሰዶም በእንግሊዝና በዌልስ ወንጀል ነበር፤ ሕጉ የላላው በ1967 ነው። ሁለቱ ግን እሑድ ቀን፣ ቤተሰብ ሬዲዮ ከፍቶ ባለበት ሰዓት እንደልባቸው ይጫወቱ ነበር። ድፍረቱን ያላወቀ ሰው ተራ ቅብጠት ይመስለዋል።

አሁን «ጉን ሾው» (1951–1960)። ስፓይክ ሚሊጋን፣ ፒተር ሴለርስና ሃሪ ሴኮም ብዙውን ድምፅ ራሳቸው ስለሚያሰሙ ማን እንደተናገረ ይምታታል። መላው አንድ ሰው መከተል ነው፦ ሴኮም የሚጫወተውን ኔዲ ሲጉንን። እሱ ይታለላል፣ ሌሎቹ ያታልሉታል፤ ይህን ከያዛችሁ የቀረው ይደረስበታል። ብሉቦትል የሚባለው ገጸ ባሕርይ ሲገባ ደግሞ በጽሑፉ ላይ ለተዋናዩ የተጻፈውን መመሪያ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል፣ መግባቱንና ጭብጨባ መጠበቁን ሳይቀር። ሲሰሙት ስህተት ይመስላል፤ ቀልዱ እሱ ነው።

አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ያለምክንያት የሳቀ ከመሰላችሁ ወደኋላ አትመልሱ። ተዋናዮቹ በፊታቸውና በአካላቸው ያሳዩት ነገር ይኖራል፤ ለእናንተ አልደረሰም፣ እለፉት።

የተቆረጠ ቅጂም ያበላሻል። ወደ ውጭ አገር ጣቢያዎች ለመላክ በዲስክ የተባዙት ቅጂዎች አንዳንዶቹ ተቀንሰዋል። የ«ጉን ሾው» ቅጂ መቆረጡ የሚለየው በሙዚቃው ነው፦ ዝግጅቱ የተለመደውን ቅርጹን ከያዘ ወዲህ ታሪኩ በሦስት ይከፈላል፣ በመካከሉ የማክስ ጌልድሬይ ሃርሞኒካና የሬይ ኤሊንግተን ባንድ ይገባሉ። ሁለቱም ከሌሉ ወይም ክፍሉ ከ30 ደቂቃ ብዙ ካጠረ ሌላ ቅጂ ፈልጉ።

ገንዘብ ሲጠሩ እንዳትደናገሩ፦ እስከ ፌብሩዋሪ 15፣ 1971 ድረስ 12 ፔንስ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ነበር። «ሃፍ ክራውን» ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ ነው።

በመጨረሻም «አይም ሶሪ አይ ሃቭንት ኤ ክሉ» (ከ1972 ጀምሮ) በሚባለው የሬዲዮ የቀልድ ጨዋታ ዝግጅት ላይ «ሞርኒንግተን ክሬሰንት» የሚባል ጨዋታ ትሰማላችሁ። ተጫዋቾቹ ተራ በተራ የለንደን ቦታዎችን ስም ይጠራሉ፣ ስለ ሕጉ በቁም ነገር ይከራከራሉ፣ «ሞርኒንግተን ክሬሰንት» የሚለውን የባቡር ጣቢያ ስም ቀድሞ የጠራ ያሸንፋል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሕጉን ለማውጣት አትድከሙ፤ ሕግ የለውም።