ክኒኑን ከመፍጨታችሁ በፊት ጠይቁ

ቸርችል ጎዳና ዳር ባለው ፋርማሲያችን ከምሰማቸው ነገሮች ሁሉ የሚያስደነግጠኝ «ፈጭቼ ነው የምሰጠው» የሚለው ነው።

በቅርቡ አንዲት ወጣት የአባቷን የደም ግፊት መድኃኒት፣ ኒፌዲፒን ሪታርድ 20 ሚሊግራም፣ ልትወስድ መጣች። መዋጥ ስለሚያስቸግራቸው በሙቀጫ ወቅጣ በማር ትለውስላቸዋለች። «ከወሰዱ በኋላ ግን ፊታቸው ይግላል፤ ሲነሡም ያዞራቸዋል» አለችኝ። እንዴት አያዞራቸው! «ሪታርድ» ማለት ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ማለት ነው፤ እንዲህ ባሉ ክኒኖች ውስጥ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ሃይፕሮሜሎስ ከተባለ ፖሊመር (ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ቁስ) ጋር ተደባልቆ ይጠቀጠቃል። ፖሊመሩ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ያብጥና ይዝለገለጋል፤ መድኃኒቱም በዚያ ዝልግልግ ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየሾለከ ለሰዓታት ይዳረሳል። ሲወቀጥ ግን ለግማሽ ቀን የታሰበው መጠን በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይገባል፤ ግፊቱም በድንገት ያሽቆለቁላል። ይህ ደግሞ አረጋዊን ሊጥል፣ ለስትሮክም ሊዳርግ ይችላል። ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረን ወደ አምሎዲፒን ተቀየረላቸው፤ እርሱ ቢፈጭም ችግር የለውም። መፍትሔው ይህን ያህል ቅርብ ነበር። አስታማሚዎች ሆይ፣ ሕመምተኛው መዋጥ ካቃተው እባካችሁ መጀመሪያ ለእኛ ንገሩን።

በኦሜፕራዞል (የጨጓራ መድኃኒት) እንክብል ውስጥ ያሉትን ፍሬዎች ማኘክም ያው ነው፤ ሽፋናቸው ከጨጓራ አሲድ የሚጠብቃቸው ነው።

ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ሜትፎርሚን (የስኳር በሽታ መድኃኒት) የሚወስዱ ደግሞ በሰገራ ውስጥ ክኒን የሚመስል ነገር አይተው «ሳይሠራ ወጣ» በማለት ሌላ ይደግማሉ። የወጣው ባዶው ፖሊመር ነው። አትድገሙ።

እንዲህ ያሉ ክኒኖችን በአረቄ ማወራረድ ፈጽሞ አይሞከርም። አንዳንዱን ፖሊመር አልኮል ያሟሟዋል። ፓላዶን የተባለው የ24 ሰዓት የሕመም ማስታገሻ እ.ኤ.አ. በ2005 ከአሜሪካ ገበያ የወጣው አልኮል ሲጨመርበት መጠኑን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ነበር።

በመጨረሻ ስለ ኢምፕላኖን፣ በክንድ ቆዳ ሥር ስለሚቀበረው የእርግዝና መከላከያ። «ጊዜው ሲያልፍ ራሱ ይቀልጣል» የሚሉ እህቶች አሉ። አይቀልጥም። ሆርሞኑን የያዘው ኤቲሊን ቫይኒል አሲቴት የተባለ ፖሊመር ሰውነትን አያስቆጣም እንጂ አይፈርስም። የሚፈርሱ ፖሊመሮችም አሉ፤ ለፕሮስቴት ካንሰር ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ጎሰሬሊን የተሠራበት ፖሊመር ወደ ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ ተሰባብሮ ይወገዳል። ኢምፕላኖን ግን 3 ዓመት ሲሞላው በባለሙያ መውጣት አለበት። ክንድ ሲዳሰስ ካልተገኘም በአልትራሳውንድ ይፈለጋል እንጂ በግምት ቆዳ አይቀደድም።