የኮቪድ ጥናት ሲነበብ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ኮቪድን ማከም ከጀመርኩ ወዲህ ትዕግሥቴን ደጋግሞ የፈተነው ስህተት ለጠና ሕመምተኛ የተገኘን መድኃኒት ለቀላል ሕመም መዋጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ ሪከቨሪ የተባለው ሰፊ የብሪታንያ ጥናት፣ ዴክሳሜታሶን የሚባለው ርካሽና የቆየ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ባሉ ሕሙማን ዘንድ ሞትን ከ41 በመቶ ገደማ ወደ 29 በመቶ፣ ኦክስጅን በሚሰጣቸው ላይም በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳየ። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ገና የጀመራቸው ሰዎች ክኒኑን እየወሰዱ ይመጡ ጀመር። ያው ጥናት ግን ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ሰዎች መድኃኒቱ አንዳች ጥቅም እንዳልሰጠ፣ ምናልባትም ሊጎዳ እንደሚችል ጽፎ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱን የሚዋጋው የሰውነት የመከላከል ኃይል ሲሆን፣ ዴክሳሜታሶን የሚያዳክመው ይህንኑ ኃይል ነው፤ የሚጠቅመው በኋላ፣ ኃይሉ ከልክ አልፎ ሳንባን ማቁሰል ሲጀምር ነው። የስኳር ሕመም ያለበት አንድ ታካሚዬ ሳል በጀመረው በሁለተኛው ቀን በገዛ ፈቃዱ ጀምሮት፣ በሳምንቱ የደሙ ስኳር መለኪያው ከሚያነበው በላይ ሆኖ ደረሰኝ። «በዜና ሰምቼ ነው እኮ፣ ዶክተር» አለኝ። ዜናው እውነት ነበር፤ መድኃኒቱ ለማን እንደሚሰጥ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ብቻ አልደረሰውም።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የወጣውን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ለኮቪድ ያወደሰውን የፈረንሳይ ጥናት በደስታ ለባልደረቦቼ አሰራጭቻለሁ። መድኃኒቱን ከጀመሩት 26 ሰዎች 6ቱ ከስሌቱ መውጣታቸውን፣ ከነዚህም 3ቱ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ፣ አንዱም የሞተ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ጽሑፉ በ2024 መጨረሻ ተሽሯል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጥናት ስከፍት አስቀድሜ የምፈልገው ስንት ሰው ጀምሮ ስንቱ እንደ ጨረሰ ነው።

በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ቫይረስ መግታት ሰውን ማዳን አይደለም፤ አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ትላትል መድኃኒት በሳህኑ ላይ የኮቪድን ቫይረስ የገታው በተለመደው አወሳሰድ በደም ውስጥ ከሚገኘው እጅግ በሚበልጥ መጠን ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን እንደማይገድል መድገምም ሰልችቶኛል።

የፋይዘር ክትባት 95 በመቶ ይከላከላል መባሉን ብዙዎች ከ100 ተከታቢዎች 5ቱ ይታመማሉ ብለው ተረድተውታል። ቁጥሩ የተገኘው በጥናቱ ከታመሙት 170 ሰዎች 162ቱ ማስመሰያ (ክትባት የሌለበት መርፌ) የተወጉ፣ 8ቱ ብቻ የተከተቡ በመሆናቸው ነው፤ ማለትም የተከተቡት የታመሙት ካልተከተቡት በ95 በመቶ ባነሰ ቁጥር ነው፤ ያም በወቅቱ ለነበረው የቫይረስ ዝርያና ለጥቂት ወራት ክትትል የሚሠራ ነው።

በመጨረሻም፣ ምልክት እያለ አንድ ፈጣን ምርመራ ነጻ ስላለ ብቻ መዘናጋት አይገባም፤ ከ48 ሰዓት በኋላ መደገም አለበት። ፓክስሎቪድ የተባለው የኮቪድ ክኒን የሚጀመረው ምልክት በታየ በ5 ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ውጤት ተማምነው በ8ኛው ቀን የሚመጡ አረጋውያን ጊዜው አልፎባቸው ይደርሳሉ።