የጥሪ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት የደቂቃውን ትክክለኛ ዋጋ እንዴት ታሰላላችሁ?

አሜሪካ በገባሁ ሰሞን ከሐበሻ ሱቅ የ5 ዶላር የጥሪ ካርድ ገዛሁ። ፖስተሩ «ኢትዮጵያ በደቂቃ 20 ሳንቲም» ይላል። 25 ደቂቃ ማለት ነው። ከእናቴ ጋር አውርቼ ሳልጠግብ፣ ለእህቴም ሳልደውል ካርዱ አለቀ። ሂሳቡን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ፖስተሩን ተዉትና ካርዱን ገልብጡት። ከጀርባው በደቃቁ ከተጻፈው ውስጥ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ስልኩ በተነሳ ቁጥር የሚቆረጥ የማገናኛ ክፍያ፣ ደቂቃው በስንት በስንት እንደሚጠጋጋ፣ ካርዱን መጠቀም ከጀመራችሁ በኋላ በየሳምንቱ የሚቀነስ ገንዘብ።

ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። ሂሳቡን በደቂቃ ሳይሆን በጥሪ ሥሩት። ማገናኛው 50 ሳንቲም፣ ማጠጋጊያው 3 ደቂቃ፣ ሳምንታዊው 1 ዶላር ነው እንበል። ደወላችሁ፤ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ስትባባሉ በ1 ደቂቃ ተቋረጠ። የ3 ደቂቃ 60 ሳንቲም ከነማገናኛው 1.10 ዶላር ሄደ። ደግማችሁ ደወላችሁና 4 ደቂቃ አወራችሁ። 6 ተብሎ ይቆጠራል፤ 1.70 ዶላር። እጃችሁ ላይ 2.20 ቀረ። ሳምንት ሲሞላው 1 ዶላር ተቀነሰበት። ከቀረው 1.20 ላይ ማገናኛው ሲቆረጥ 3 ደቂቃ ብቻ ታወራላችሁ። ሲደመር 8 ደቂቃ ነው። 5 ዶላርን ለ8 አካፍሉት፤ ደቂቃው ከ62 ሳንቲም በላይ ወጣ።

ስለዚህ መስመሩ የሚቆራረጥበት አገር ስትደውሉ ማገናኛ የሌለውን ምረጡ። ደቂቃው 25 ሳንቲም ቢሆንም፣ በ1 ደቂቃ የሚጠጋጋና ሌላ ተቀናሽ የሌለው ከሆነ ከላይኛው ካርድ በብዙ ይሻላል። በሚከፈልበት አፕ ስትደውሉም ሂሳቡ ያው ነው።

እኔ የተሳሳትኩት ድምፁን አምኜ ነው። ካርዱን ስትከፍቱ «25 ደቂቃ አለዎት» የሚለው የተቀዳ ድምፅ ቀሪውን ገንዘብ በፖስተሩ ዋጋ አካፍሎ ሊሆን ይችላል። ማገናኛውም ማጠጋጊያውም እዚያ ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ።

መግቢያ ቁጥሩ፣ ማለትም ካርዱን ለመጠቀም መጀመሪያ የምትደውሉበት ቁጥር፣ ነፃ የተባለው 800 ከሆነ የዚያን መስመር ወጪ የሚከፍለው ካምፓኒው ነው፤ ብዙ ጊዜም ደቂቃው ላይ ጨምሮ ከእናንተ ይወስዳል። የአካባቢያችሁን ቁጥር ተጠቀሙ።

በጣም ርካሽ የሆነውን ደግሞ ጠርጥሩ። ከምትከፍሉት ላይ ጥሪውን አገር ቤት ለሚቀበለው ለኢትዮ ቴሌኮም ወይም ለሳፋሪኮም ድርሻ አለ። አንዳንዱ አቅራቢ ይህን ላለመክፈል ጥሪውን በኢንተርኔት አስገብቶ በሲም ቦክስ (ብዙ ሲም ካርድ በሚይዝ መሣሪያ) እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ያሳልፈዋል። ይህ በአዋጅ ቁጥር 761/2004 ወንጀል ነው። ሲሙ በተዘጋ ቁጥርም ጥሪው ይቋረጣል፤ ያኔ ማገናኛውን እንደገና ትከፍላላችሁ። ለማወቅ እናታችሁን ስልኳ ላይ የማን ቁጥር እንደወጣ ጠይቋት። የማታውቀው 09 ወይም 07 ከሆነ ካርዱን ቀይሩ።